ያልተቆጠሩት ጄኔሬተሮች

ማክሰኞ፣ ጁን 4
...የቤንዚን ጀሪካኑን ከመኪናው የኋላ ወንበር አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮለት፣ «እንግዳ ይዘናል፣ በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊ» ይለኝ ነበር አባባ። ለምን ትዝ አለኝ? ዛሬም የቤንዚን ሰልፍ ላይ ዋልኩ። ነዳጅ ከጓሯችን እየወጣ...

ረቡዕ፣ ጁን 5
ለመሥሪያ ቤቴ የምሠራው ትንበያ አለቀ። በአሥር ዓመት ውስጥ የአገሪቱ የነዳጅ ፍላጎት እጥፍ ይሆናል። እስከ ዛሬ የሚቆጠረው መኪና ብቻ ነበር። እኔ የየቤቱንና የየሱቁን ጄኔሬተር ጨመርኩ። አለቃዬ ኤፊዮንግ፣ ሁላችን «ኦጋ»፣ ጌታው፣ የምንላቸው፣ አንብበው ሳቁ።
«ቦማ፣ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጄኔሬተር ሲጮህ ጆሯችን የት ነበር?»
ለዚህ ሥራ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ሳልበላ ከዋልኩ እንኳ ያውቁብኛል።

እሑድ፣ ጁን 9
ወንድሜ ዳጎጎ ደወለ። የሚሠራበት የነዳጅ ማጣሪያ ተበላሽቶ ከቆመ ቆይቷል። ትንበያው ከፍ ካለ ይጠገናል፤ ዝቅ ካለ ይዘጋል።
«ለሠራተኛው ሁሉ ነግሬያለሁ» አለኝ።
«ምን ብለህ?»
«ነገሩ በእህቴ እጅ ነው፣ ተረጋጉ ብዬ።»
«አፍህ አያርፍም አንተ!»
«ሆዴስ መቼ አረፈ?»
ሳቅን። ኦጋ ትንበያውን እንዳለ ሊያቀርቡት ቃል ሰጥተውኛል አልኩት።

ሐሙስ፣ ጁን 13
ትንበያው የሚቀርብበት ስብሰባ። ኦጋ ተነሡ። ፍላጎቱ ብዙም አይጨምርም አሉ። ከውጭ የሚገባው ቤንዚን ይበቃል፤ ማጣሪያ መጠገን ብክነት ነው። «ስሌቱ የቦማ ነው።» ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ፣ እንደ አባት።
ጄኔሬተሮቹ የሉበትም። አንዱም።
መሐል ላይ መብራት ሄደ። የግቢው ጄኔሬተር ተነሣ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቀና ያለ የለም። ኦጋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። ተጨበጨበ። እኔስ? እጄ ምን እንዳደረገ አላስታውስም...

ዓርብ፣ ጁን 14
ዳጎጎ ደወለ። «በሬዲዮ ስምሽን ጠሩት» አለ። ስልኩን ዘጋው።

ሰኞ፣ ጁን 17
ኦጋ ቢሮ ገባሁ።
«ጄኔሬተሮቹን ማን አወጣቸው?»
«ተቀመጪ ልጄ። ሻይ ይምጣልሽ?»
«ማን?»
«ቤንዚን አስመጪዎቹ ቀላል ሰዎች አይደሉም። ስምሽን ያነሣሁት እንዲያውቁሽ ብዬ ነው። ኋላ ታመሰግኚኛለሽ።»
ውጭ ያ ጄኔሬተር ይጮሃል።
«ይሰማዎታል?»
«ምኑ?»
እውነት አይሰማቸውም? የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወጣሁ።
«ቦማ!» አሉ ከኋላዬ። «በሩን ዝጊው እንጂ፣ ጩኸቱ ይገባል።»
ዘጋሁት።