ፍሬን የማይረገጥበት ቁልቁለት

መካነ ኢየሱስ፣ የካቲት 2010 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

ከጤናህ ጀምሬ ልጠይቅህ። ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ብርዱስ? የጎጆህ ክዳን ባለፈው ክረምት ያፈስ ነበር ሲሉ ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ አሳደስከው? የኔታ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን በእኔ ስም ሳምልኝ። ድጓውን ወደ ማገባደዱ ደርሰሃል የሚል ወሬ ከእናንተ ደብር ከቤተ ልሔም የመጣ ሰው ነግሮን አባባ ደስ ብሏቸው ነበር፤ አፍ አውጥተው ባይናገሩም ያን ቀን እራታቸውን ጨርሰው በሉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባባም ሳል ከጥምቀት ወዲህ ለቋቸዋል።

ይህን ደብዳቤ የላክሁልህ በዲያቆን አበባው እጅ ነው። ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። አንተም ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ወንድሜ፣ ልቤ ነዷል። መጀመሪያ የተናደድኩት በፈረንጆች ነበር፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ልጆች፤ አሁን ደግሞ በማን እንደምናደድ ጠፍቶኛል። ከሥሩ ልንገርህ።

እንደምታውቀው የምሠራው አዳነ ቪዲዮ ቤት ነው። የሰርግና የክርስትና ፊልም እየቆረጥኩ እቀጥላለሁ። ባለፈው ክረምት ሰርግ ጠፍቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ጌም ከኢንተርኔት አወረድኩ። ሙሉው ገና አልወጣም፤ ሰሪዎቹ ሰው ይሞክረው ብለው አንድ መንገድ ብቻ ለቀዋል። ጨዋታው የጭነት መኪና እየነዱ ከተራራ መውረድ ነው። የፈረንጅ ስሙ ረጅም ስለሆነ እኔና አባባ «ቁልቁለት» እንለዋለን።

አባባን ከእስር ከወጡ በኋላ አላየሃቸውም። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይላሉ፣ ማታ «ደህና እደሪ» ይላሉ፣ በመሃሉ ዝም ነው። መኪና ላይ አይወጡም። ዘመድ ሲሞት እንኳ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው ለቀብር ይሄዳሉ እንጂ መናኸሪያ አካባቢ አይደርሱም። ዕድሜያቸውን በሙሉ መሪ የጨበጡ ሰው!

አንድ ቀን ምሳዬን ረስቼ ወጥቼ ኖሮ ይዘውልኝ ሱቅ መጡ። እኔ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ገደል እገባለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና እገባለሁ። ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ፍሬኑን ተይው። መውረድ ሳትጀምሪ ከባድ ማርሽ አስገቢ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። መኪናው እያጉረመረመ ቀስ ብሎ ወረደ። አባባ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ሱቅ መምጣት ለመዱ። ጆይስቲኩን ሲይዙት ብታይ ትስቃለህ፤ እንደ ትኩስ ድንች ነበር የሚይዙት። «በዚች ቁልፍ መኪና ይነዳል?» ይሉኛል። ለዚህ ጌም የማስተማሪያ ቪዲዮ የሚሠሩ ወዳጆች በየአገሩ አሉት፤ በእንግሊዝኛ ሞልቷል። በአማርኛ ግን ፈልጌ አንድም አላገኘሁም። ስለዚህ እኔ ስጫወት አባባ የሚናገሩትን ቀዳሁና ከምስሉ ጋር አጋጥሜ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት። «መኪናን አትሳደብ» ይላሉ አንዱ ላይ፤ «ከባድ ነገር ተሸክማ የምትወርድ ናት። እንደ ነፍሰ ጡር እያት።» ሰው ወደደው። ከወሎም ከወለጋም ሹፌሮች እየጻፉ «እኒህ አባት ማን ናቸው?» ይሉ ነበር።

ቀጥዬ ማስታወቂያውንም እኔው ሠራሁ። ሰሪዎቹ ካወጡት ምስል ጥሩ ጥሩውን ቆርጬ፣ አባባ ይነዱበት ከነበረው ከወገዳ መንገድ በስልኬ ከቀረጽኩት አቧራና ገደል ጋር ቀላቀልኩት፤ የአባባንም ድምፅ አከልኩበት። እንዲህ ያለው የጌም ማስታወቂያ ትሬለር ይባላል። ለአባባ «ትሬለር እየሠራሁ ነው» ብላቸው «ተሳቢውን ማን ሊጎትትልሽ ነው?» አሉኝ። ከወጡ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ትሬለሩን ሳሳያቸው ኩርባውን ሁሉ በስሙ ጠሩልኝ፤ እዚህ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ፣ እዚህ ጅብ አቋረጠኝ እያሉ። አንዷን ኩርባ ብቻ ዝም ብለው አለፏት። የአባባ መኪና ተገልብጣ ገብሬ ያረፈባትን ነው። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ ንዴቴ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ጌሙ መስከረም ይወጣል አሉ። መስከረም ሲደርስ ለገና ነው አሉ። ገና ሲደርስ ገና ይቀረዋል፣ ሰኔ ጠብቁን አሉ። አባባ በመጡ ቁጥር «ያ ነገር ወጣ?» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ነገ ይምጡ፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ እላለሁ። ያንን አንድ መንገድ ስንወርደው ስንወርደው ድንጋዩን ሁሉ በቃላችን ያዝነው። አንድ ቪዲዮ ለመጫን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል። አዳነ ደግሞ «የሙሽራዋ አባት ሊያንቀኝ ነው፣ አንቺ ገደል ትወርጃለሽ» እያለ ይነጫነጫል፤ እውነቱን ነው።

በዚህ መሃል አንድ የአዲስ አበባ ቻናል ትሬለራችንን ወሰደው። የአባባን ድምፅ አውጥቶ ጥሎ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ ከተተበት፣ የራሱን ስም በወርቅ ቀለም ጻፈበት። የእኛን ጥቂት ሰው ነው ያየው፤ የእሱን አገር ምድሩ አየው። ሥራዬን መልስ ብዬ ብጽፍለት «እህት፣ ኢንተርኔት እኮ የጋራ ነው፤ ደግሞ የሽማግሌው አነጋገር ለወጣት አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ዋጥ አድርጌ ተውኩት።

ባለፈው ወር ግን ከጌሙ ሰሪዎች ደብዳቤ መጣልኝ። ኢሜይል ነው፣ በእንግሊዝኛ። አዳነ ራሱ አንብቦ ጮኸ። ቪዲዮዎቻችንን አይተዋቸዋል፤ ቋንቋውን ባይሰሙም የሚተረጉምላቸው ሰው አግኝተዋል። ጌሙ ሲወጣ ጀማሪ የሚማርበት ክፍል አለው፤ ለአማርኛው የአባባን ድምፅ ሊያደርጉት ፈለጉ። ስማቸውም ከነፎቷቸው ይወጣል። ለዚህም ስለ ራሳቸው፣ ስለ መንገዱ፣ መንገዱ ስላስተማራቸው ነገር ጥቂት ሲናገሩ ቀድቼ እንድልክላቸው ጠየቁኝ።

ይህን ለአባባ ነገርኳቸው። በማግስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ማይኩን አንገታቸው ሥር ሰካሁላቸውና ጀመርን። ረዳት ሆነው ሥራ እንዴት እንደጀመሩ፣ የመጀመሪያዋን መኪና፣ ክረምት ጭቃ ውስጥ ስላደሩት ሌሊት ተናገሩ። እንደዚያ ሲናገሩ በዕድሜዬ ሰምቻቸው አላውቅም። አንተ ሰምተሃቸው ይሆናል፤ አብረህ ትሄድ ስለነበር።

ከዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለምን እንደማይረገጥ ለማስረዳት ብለው ያቺን ኩርባ አነሡ። ቃላቸውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። «የጫንነው አተር ነበር። ገብሬ ከጭነቱ ላይ ተቀምጧል። እኔን ትኩሳት ይዞኝ ጋቢዬን ተከናንቤ ከጎን ነበርኩ። ማርሹን አክብድ አልኩት። ፍሬኑን አትርገጥ፣ አትርገጥ አልኩት። ልጅ ነው፣ ደነገጠ። እግሩ ተቆልፎ ቀረ።»

እዚህ ላይ ቀና አሉ። የመቅጃዋን ቀይ መብራት አዩና «እየቀዳ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አጥፊው» አሉ።

አጠፋሁት። ማይኩን ከአንገታቸው ነቅለው ሰጡኝ። ከዚያ «ፀደይ፣ ለሰዎቹ ጻፊላቸው። ሽማግሌው አልፈለገም በያቸው» አሉኝ። እኔ ገና ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ወይም ገብቶኝ አልፈለግሁትም። ተቆጣሁ። ይህን ያህል ደክሜ፣ አዳነን አስቀይሜ፣ አሁን ስምዎ በደግ ሊነሣ ሲል ለምን ይጥሉታል አልኳቸው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሡ «ስሜ ከተነሣ ሰው ይጠይቃል። ሰው ከጠየቀ ያ ነገር ይቆፈራል። እኔ ፍርዴን ጨርሻለሁ፤ ተጨርሷል» አሉኝና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያን ቀን መሪው በአንተ እጅ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የሐዘን ለቅሶ አልነበረም፣ የንዴት ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ «የገዳዩ ልጅ» ብለው ሲጠሩኝ እቤት እየመጣሁ ግድግዳ የደበደብኩት ለምን ነበር? ዘመዶቻችን «ጠጥቶ ነው የነዳው» እያሉ ሲያወሩ ሁለት ሰው እውነቱን ያውቅ ነበር፤ አንዱ እስር ቤት ሆኖ ዝም አለ፣ አንዱም ዝም አለ። ከገብሬ ሚስት ከካሣነሽ ጋር ሽማግሌዎች አስታርቀውናል፤ ሁልጊዜም ሰላም ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ጨው ስትሸጥ አግኝታኝ «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እስከ ቀረጻው ቀን ድረስ ያልተሸከምኩት ነገር ነበር፤ አሁን እኔንም አሸከማችሁኝ።

አባባ በታሰሩበት ዘመን ሁሉ ደብረ ታቦር ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አንተ አንድ ቀን እንኳ አልመጣህም። ድቁና የተቀበልክ ልጅ ስለነበርክ ቤተ ልሔም ስትገባ ማንም አልገረመውም፤ እኔ ግን በአባባ አፍረህ የሸሸህ መስሎኝ ተቀይሜህ ኖርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ወንድም የለኝም ያልኩበት ቀን አለ። አሁን ያንን ቅያሜ ትቼዋለሁ። በምን እንደተተካ ግን ገና አላውቀውም፤ አትጠይቀኝ።

ቀረጻውን ደመሰስኩት። ቅጂ የለውም፤ አዳነም አልሰማውም፣ ያን ሰዓት ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ለሰሪዎቹም ሽማግሌው አልፈለጉም ብዬ ጻፍኩ። አዘኑ፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩ ንገሪን ብለው መለሱ። አዳነ እብድ ናችሁ ብሎኝ ለሳምንት አኮረፈኝ። ከፊተኞቹ ቪዲዮዎች ሥር አሁንም ሰው «አባታችን ምነው ጠፉ?» እያለ ይጽፋል። 

እንዲህ ሆነን ስንተላለፍ ቆይተን፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባባ መንገድ ላይ ቆም አሉ። «ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ፤ «ለደብረ ዘይት በዓል እመጣለሁ በይው።» በእግር ከሆነ ብዙ ቀን ነው ብላቸው «በመኪና ነው» አሉ።

ትናንት አብረን መናኸሪያ ሄድን። አውቶብሷን ዞረው አዩዋት፣ ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጓት። ሹፌሩ በፊት ረዳታቸው የነበረ ነው፤ አወቃቸውና ትከሻቸውን ሳመ፣ ከፊት ወንበር እይዝልዎታለሁ አላቸው። «አይ፣ ከኋላ ይሁንልኝ» አሉት። 

እዚያ ሄደው ምን እንደሚሉህ ጠየቅኋቸው፤ እንዳትጣሉ ሰግቼ ነው። «እሱ የሚያስበው ስለ እግሩ ነው። መሪውን ማን እንደሰጠው ረስቶታል። እሱን ላስታውሰው ነው» አሉኝ። እኔም ይተርጉሙልኝ አላልኩም። አንተ ይገባህ እንደሆን ብዬ እንዳሉት ጽፌልሃለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መኪናው የሚቆምበት ድረስ ወጥተህ ጠብቃቸው። ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዝ። መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ።

የቤተ ልሔሟ እመቤት ትጠብቅህ። ለትምህርትህ ማስተዋልን፣ ለልብህ ዕረፍትን ትስጥህ። የአባባን መንገድ በሰላም ታድርግላቸው።

የምትወድህ
ታናሽ እህትህ