ያልነካነው ፓምፕ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፤ ቆቦ

ፓምፑ ዛሬ ማንም ሳይነካው ተነሳ።

የመስኖውን ጉድጓድ ፓምፕ በስልኬ አጥፍቼ፣ የሥራ ጓደኛዬን ሰይድን «ግሪስ ቀባው፣ አጥፍቼዋለሁ» አልኩት። ዋናውን የመብራት ማቋረጫ ብሬከር አላወረድኩም፤ በዚህ ፀሐይ ሁላችንም ከዛፍ ጥላ ሆነን በመልእክት ነው የምናጠፋው። ሰይድ እጁን ወደ ዘንጉ ሊሰድ ሲል የዙህር አዛን ተሰማ። «ቆይ፣ ሰግጄ ልምጣ» ብሎ ተነሳ። ገና ውዱእ እያደረገ ሳለ ዘንጉ መሽከርከር ጀመረ።

ማሳቸውን ሊያጠጡ የመጡት ጋሽ አራጌ «ጂን ነው» አሉ። ምነው ጂን በሆነ! የፓምፑን የመልእክት መዝገብ ሳየው የማስነሻ ትእዛዙ የመጣው ከማላውቀው ስልክ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩም ትክክል ነው። ያኔ ፎቶአችን ትዝ አለኝ። ፓምፑ የተተከለ ቀን ተቃቅፈን ተነስተን ፌስቡክ ላይ የለጠፍነው። ከኋላችን የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሣጥን በር ተከፍቷል፤ እንዳንረሳው በማርከር የጻፍነው የፓምፑ ስልክና የሚስጥር ቁጥር ከሰይድ ትከሻ በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቁጥሩን ቀየርኩ። ብሬከሩንም አውርጄ በእጄ ይዤው ቆምኩ። ሰይድ ሰግዶ ተመልሶ ዘንጉ አጠገብ ተንበርክኮ «አጠፋኸው?» አለኝ።

«ና፣ መውረዱን አንተው እየው» አልኩት።