ስምንቱም ፈረሶች የእኛ ነበሩ

ለክቡር አቶ ተክለአብ
የሃርልስደን የእሁድ እቁብ ዳኛ
ለንደን

ጉዳዩ፦ በቁማር የማሸነፍ ዕድልን ስለማሻሻል የሰጡንን ትምህርት ይመለከታል

የተከበሩ አቶ ተክለአብ፣ እንደምን ሰነበቱ? ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ስልክዎ የማይነሣው የደም ግፊትዎ ከፍ ብሎ መሆኑን ባለቤትዎ ስለነገሩን፣ ግፊቱ እንዲወርድልዎ፣ ስልኩም እንዲነሣልዎ ሠላሳ ዘጠኛችንም እቁብተኞች በየእምነታችን እየጸለይን እንገኛለን። የእኔ ጸሎት ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ባለፈው እሁድ እጣው የወጣው ለእኔ ነበርና።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ግር እንዳይለው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኛ አርባ ሰዎች በየሳምንቱ መቶ መቶ ፓውንድ እየጣልን፣ አራት ሺህ ፓውንዱን በእጣ ለአንዱ እንሰጣለን። ባለ እጣው ዋስ ጠርቶ እስኪያስፈርም ድረስ ገንዘቡ እርስዎ ዘንድ ይቀመጣል። የእኔ ዋስ ሮማንወርቅ ሂትሮው የአውሮፕላን ምግብ የምታሰናዳ ናት፤ ሺፍቷ እስከ ማክሰኞ ስለነበር ገንዘቤ እርስዎ ቤት ሁለት ቀን መሰንበት ነበረበት። እርስዎ ደግሞ ሥራ ፈት ገንዘብ አይወዱም። ኢንተርኔት ላይ በቁማር የማሸነፍ ዕድልን ስለማሻሻል የተጻፈ ምክር አንብበው ኖሮ፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ አራቱን ሺህ ይዘው ወደ ቤቲንግ ቤት ወረዱ። ስለዚህ ትጋትዎ ያለኝ ምስጋና እንደሚከተለው ቀርቧል።

1ኛ. ምክሩ «አስቀድመው የገንዘብ ገደብ ያብጁ፤ ከገደቡም አይለፉ» ይላል። እርስዎም አበጅተዋል፤ ገደቡ አራት ሺህ ፓውንድ ነበር። ከዚያ አንዲት ፔኒ አለማለፍዎን ስሰማ ኮራሁብዎ። ለማለፍ የሚሆን ሌላ ገንዘብ በእጅዎ አልነበረም ብሎ ማንሣት ምቀኝነት ይሆንብኛል።

2ኛ. ምክሩ «ጠጥተው አይጫወቱ» ይላል። ጾም ስለነበር ከውኃ በቀር የጠጡት የለም። ሁሉም ነገር በሙሉ አእምሮዎ የተፈጸመ መሆኑን ማወቄ እጅግ አጽናንቶኛል፤ ሰክረው ቢሆን ኖሮ ይቅር ለማለት እገደድ ነበር።

3ኛ. ምክሩ «ዕድልዎን አስልተው ይግቡ» ሲል፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት እቁብ የዳኙ ሰው ነዎትና የሚያውቁትን ስሌት አሰሉ። በእቁብ፣ ስሙ ጣሳው ውስጥ የገባ ሁሉ ቀን ይጠብቅ እንጂ ይደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ፈረስ መርጬ ለምን እሳሳታለሁ ብለው፣ በውድድሩ ለተሰለፉት ስምንት ፈረሶች በሙሉ አምስት አምስት መቶ ፓውንድ ደለደሉላቸው። ገንዘብ ተቀባይዋ እርግጠኛ ነዎት ወይ እያለች ሦስት ጊዜ መጠየቋን እንደ አክብሮት ቆጥረው፣ በዚህ አገርም ሽማግሌ ይከበራል ብለው በዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ ጽፈውልናል።

ፈረሶቹ ሮጡ፤ ከስምንቱም አንዱ ቀደመ። ወዲያው «ፈረሳችን አሸነፈ» የሚል መልእክት ላኩልን። ዐብዱ ርችት ላከ፣ እንግዳወርቅ በድምፅ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እኔም ሞኟ ሦስት ጭብጨባ ላክሁ። መጨረሻ የወጣውም ፈረስ የእኛ እንደነበር፣ መሀል ላይ የደከሙትም ስድስቱ የእኛው እንደነበሩ የሰማነው ማክሰኞ ነው። አሸናፊው ሰው ሁሉ የተወራረደበት ፈረስ ስለነበር አንድ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ብቻ ይዞ መጣ፤ ሰባቱ ሦስት ሺህ አምስት መቶውን ይዘው በዚያው ቀሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የእርስዎ የሚለየው ብብቱ የእኔ መሆኑ ነው።

4ኛ. ምክሩ «ሲያሸንፉ ተነሥተው ይውጡ» ይላል፤ እርስዎም ወጡ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ የእውነት ነው። ሁለተኛውን ውድድር ቢጠብቁ ኖሮ የቀረችውም ገንዘብ ለስምንት ትካፈል ነበር።

አቶ ተክለአብ፣ ትርፉን በድንገት አምጥተው ሊያስደስቱኝ አስበው እንደነበር ባለቤትዎ ነግረውኛል። ልብዎ ቅን መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ያ ገንዘብ የልጄ የሶልያና ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዋ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ኬኒንግተን ያሉት ጠበቃዋም ወረቀቱን ሁሉ ጨርሰው፣ ክፍያው ሳይሟላ አፕላይ ማድረግ አይቻልም ብለው እየጠበቁ ነው። ሐሙስ ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው ቦታ ይቀርባታል። ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ በባለቤትዎ እጅ የላኩልኝን አንድ ሺህ አምስት መቶ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ልጄ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያኔ አለቀስሁ። በእርስዎም ተናደድሁ፤ አሁንም እንደተናደድሁ ነኝ።

ከእግርዎ በታች በሆነ ትሕትና፣ ከራስዎ በላይ በሆነ ብስጭት፣ ለግፊትዎ መውረድ ሳላቋርጥ የምጸልይ አክባሪዎ፣

ጸዳለ
የሃርልስደን የእሁድ እቁብ ባለ እጣ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዳኛቸው፣ የእርስዎ ዋስ
ለነፍስ አባትዎ
ለእቁቡ ዋትስአፕ ግሩፕ፣ ርችትና ጭብጨባ እንዳይልኩ ከማሳሰቢያ ጋር

ማስታወሻ፦ ይህን ቅዳሜ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ዛሬ እሁድ እርስዎ በሌሉበት እጣ ወጥቶ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ለእርስዎ ደርሷል። እጣ ያልወጣላችሁ ስምንት ሰዎች ብቻ ስለቀራችሁ ጣሳው ውስጥ ስምንት ወረቀት ነበር፤ በእቁብተኛው ሙሉ ስምምነት በስምንቱም ላይ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው። አቶ ዳኛቸው በዋስነታቸው ፈርመው፣ ከእጣዎ ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶው ነገ ጠዋት ለሶልያና ጠበቃ ይከፈላል። ቀሪው አንድ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ትርፍዎ ስለሆነ መጥተው ይውሰዱ። ሲመጡም የእቁቡን መዝገብ ይዘው ይምጡ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዳኛችን ሮማንወርቅ ናት። ሮማንወርቅ ፈረስ ትፈራለች።