እጁን ማን ያዘው?

ጆሊንዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው ሜዳ ሚዙሪ ነው። እንደኛ አገር ተራራ የለውም፤ ሰው የሚደበቅበት ጥግ እንኳ አታገኚም። ዛሬ አራተኛው የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ሁሉም ጋ «በእጁ ዳስሶ የሚያክም ሐኪም መሆን ለምን ፈለግሽ?» ይሉሻል፤ ስለዚህ ሁላችንም የምንተርከው አንድ ዘመድ ይዘን ነው የምንመጣው። ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ ያለው አመልካች ክራባቱን እያስተካከለ፣ «የአንቺስ ሟች ማነው?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«ታድለሽ! እኔ ያለኝ የአክስቴ ወገብ ብቻ ነው፤ እሱም ድኗል።»

ሳቅኩ። ይታይሽ፣ ሳቅኩ።

ገብቼ ስለ ወንድማችን ስለ ቬርሊን ተናገርኩ። የከሰል ጉድጓዱ ተደርምሶ ወገቡን እንደሰበረው፣ ሌሎቹ ሐኪሞች ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ብቻ ሲሰጡት ሽማግሌው ዶክተር ሆባርት ግን ጀርባውን በእጃቸው እያሹ እንዳሳረፉት፣ በመጨረሻ ክኒኑ እንደገደለው። የቱ ጋ ዝም ማለት እንዳለብኝ አሁን በደንብ አውቄዋለሁ። ሲሞት እጁን ይዤው ነበር ስላት ጠያቂዋ ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። «የእኔ ልጅ፣ እኛ የምንፈልገው እንዲህ ያለ እጅ ነው» አለችኝ።

የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ተደብቄ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ላይ አምልጦኝ ነው ያልኩት፤ ዛሬ ግን አስቤበት ነው።

ቦታው አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ። የሚቀበሉኝ ይመስለኛል።

ትሬሳ