ቀኙ ከላይ

ሰኞ፣ ማርች 6፣ 2006
በረዶው አልቀለጠም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሰው የለም። ስፌት ሱቄ የገባው አንድ ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ብቻ።

ከሰዓት እማማ ሰዓዳ ደወሉ። መስጊድ የሴት ጀናዛ ሲኖር የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። «ዛኪያ ልጄ፣ ቶርንተን የምትኖር አንዲት እህት ሞታለች። እጄ መቀስ አልይዝ አለኝ፤ ከፈኑን አንቺ ቁረጪልን።» ሥራ በዝቶብኛል አልኩ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ! «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት። እምቢ ስላቸው ሁለተኛዬ ነው።

ሬሳ እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 8
ሚስስ ኦካዳ መጡ፤ ቀሚሳቸውን እኔ ጋ የሚያሳጥሩት ጃፓናዊት አሮጊት። የልጅ ልጃቸው ኤሚም አብራ። ዴንቨር ፋሽን ትማራለች። የቅድመ አያቷን ኪሞኖ፣ የጃፓን የባህል ልብስ፣ ጃኬት አድርጊልኝ አለች፣ ለትምህርት ቤቷ የፋሽን ሾው። ራስሽ ለምን አትሰፊውም? አልኳት። «ዲዛይን አድርጌዋለሁ። መቁረጡን ግን ፈራሁ።»

ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለበት። የአበባው ዳር ደብዘዝ ብሏል። ሕትመቱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር... ሚስስ ኦካዳ ሳቁ። «ሕትመት አይደለም። ክሩ መጀመሪያ ይታሰርና ቀለም ይነከራል። የታሰረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ይሸመናል። እናቴ ናት የሸመነችው፣ አገራችን ኩሩሜ።»

ቅዳሜ፣ ማርች 11
ፈታሁት። ስፌቱ ሁሉ ቀጥ ያለ። ሲፈታ መልሶ ረጃጅም ጠባብ ጨርቅ ሆነ። የተረፈውን ቆርጠው አልጣሉም፤ አጥፈው ወደ ውስጥ ሰፍተውታል። ቅርጽ ላውጣ ብዬ መቀስ የማስገባበት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ማለት ነው?

ቢስሚላህ ብዬ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 21
ኤሚ ጃኬቱን ለበሰች፣ ቆለፈችው፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች። ልክክ ብሎላታል። ሚስስ ኦካዳ ግን ቁልፉ ላይ አፈጠጡ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ግራው ነው ከላይ የሚሆነው። ቀኙን ከላይ የምናደርገው ለሞተ ሰው ስናለብስ ነው።»

የቁልፉን ቀዳዳ በቀኙ በኩል ነው ያወጣሁት። እዚህ የሴት ጃኬት ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ስንት ዓመት ሰፍቼዋለሁ።

«ግራንማ፣ ጃኬት እኮ ነው! ማን ልብ ይለዋል?» አለች ኤሚ።

«እኔ። አውልቂው።»

ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ ተበሳ። የእናታቸውን እጅ ሥራ አበላሸሁ። ደንበኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 23
ሚስስ ኦካዳ ብቻቸውን መጡ። ጃኬቱን ከመስቀያው አውርደው ደረታቸው ላይ ለኩት።

«ለኤሚ አይሆንም። ለኔ ይሆናል፣ ለመጨረሻው ቀን። እጅጌውን ብቻ አሳጥሪልኝ።»

«መቼ ይድረስልዎት?» አልኩ። አፌ ለምዶ! ለሁሉም የምለው ነው... ምድር ዋጥ ብታደርገኝ ደስ ባለኝ።

ሳቁ። ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ። «አትቸኩዪ» አሉኝ።

እንዲህ ይሳቅበታል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 1
የኤሚ ሾው ዛሬ ነበር። የወንድ የጂንስ ጃኬት ገዝተሽ ነይ ብያት ነበር፤ የወንድ ግራው ነው ከላይ። በተረፈው ጨርቅ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ አወጣሁላት። ሰማያዊ በሰማያዊ። ሚስስ ኦካዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 5
እንግልውድ ሆስፒታል ተኝታ የነበረች አንዲት የመስጊዳችን እህት ሌሊት ማረፏን ሰማሁ። እማማ ሰዓዳ አልደወሉልኝም። ለምን ይደውሉ? እኔው ደወልኩ።

«ከፈኑን ማን ይቆርጣል?»

«እንግዲህ እኔው እሞክራለሁ እንጂ...»

«መጣሁ።»

መቀስ፣ ሜትር፣ መርፌና ክር ይዤ መስጊድ ሄድኩ። እማማ ሰዓዳ መርፌውን አይተው «እሱን መልሺው፣ ከፈን አይሰፋም» አሉ።

ነጭ ጨርቅ። ኮሌታ የለው፣ ቁልፍ የለው። ፈራሁ። ቆረጥኩ።

ማታ ሱቅ ስገባ የሚስስ ኦካዳ ጃኬት እንደተሰቀለ ነው። እጅጌውን ገና አልነካሁትም። አትቸኩዪ ብለውኛል።