ምሕረት የፈራቻቸው ሰባት ማርትሬዛዎች

ሰኞ

ምሕረት ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ያለችኝ አንድ እህት እሷ ናት፣ ዛሬ ግን ጨጓራዬን ላጠችው። «ያ ጣሳ ቤትህ እያለ እግሬ አይረግጥም» አለችና ድርግም። እሁድ ልጄን ቤቲን ሊጠይቁ ሽማግሎች ይመጣሉ። ቤቲ ደግሞ «አክስቴ ከሌለች ሌላ ቀን ይምጡ» ብላ ድርቅ ብላለች። ሌላ ቀን! ሽማግሌ ታክሲ ነው እንዴ፣ ሲያልፍህ ሌላ የምትጠብቀው?

ጣሳው የአክስታችን የዓለሚቱ ነው። እናታችን ሕፃናት ሆነን ስለሞተች ያሳደገችን እሷ ናት፤ «እማ» ነበር የምንላት። ባለፈው ወር ዐረፈች። አልጋዋ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ ተገኘ፣ ውስጡ የድሮ ሳንቲም። ምሕረት ገና ስታየው ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጅ ሆና በበር ቀዳዳ አይታ ነበር አሉ፤ እማ በዓመት አንድ ቀን በር ዘግታ እነዚህን ብሮች በሎሚና በአመድ እያጠበች ብቻዋን ታወራለች። «የውቃቢ ዕቃ ነው» ትላለች። የጸሎት ቡድኗም «ልክ ነሽ» ብሏታል። ጣሳውን ሳያዩ!

«ለሰው ልስጠው?» ብላት «ሰው ምን በደለህ?» አለችኝ። «ልሽጠው?» ብላት «የሚገዛውስ ነፍስ የለውም?» ሽንት ቤት ይጣል ነው የምትለው። ኧረ በሕግ! ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልጥልም።

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ዘረገፍኩት።

ማርትሬዛ፣ 7። ሁሉም ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀለበት ተበይዶባቸዋል።
ባለ አንበሳ የብር መሐለቅ፣ 3።
የጃንሆይ ጊዜ የመዳብ አምስት ሳንቲም፣ 11።
የጣሊያን ሊሬ፣ 1። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?
የሸሚዝ ቁልፍ፣ 1።

መሐለቁ ላይ ያለው ዓመት በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ከቤታችን የሚያነብ ጠፋ። አንድ ፎቅ ወርጄ እማማ በላይነሽን አስቸገርኩ። ሻይ ካልጠጣህ አላነብም አሉኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ «ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ» አሉ። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላቸው አዩኝ። «በግዕዝ ጽፎ በፈረንጅ የሚቆጥር ማን ነው?» አፈርኩ። ቢሆንም ሦስቱ ታወቁ፣ ድል ነው።

ማርትሬዛዎቹ ላይ ግን 1780 ይላል። ሰባቱም ላይ! በፈረንጅ ቢቆጠር ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ነው። ባለቤቴ አስቴር ይሄን ስትሰማ ሐሳብ ውስጥ ገባች፤ ማታ ሳያት አዲሱ ማቀዝቀዣ የሚቆምበትን ጥግ በክንዷ እየለካች ነው። እኔም አልዋሽም፣ ትንሽ ሞቆኛል።

ረቡዕ

ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ የድሮ ሳንቲም ገዢዎች ነን የሚሉ ሰዎች ግሩፕ ውስጥ ለጠፍኩ። ምነው እጄን በቆረጠው! አንዱ «ሚሊዮኖች ያወጣል» ይላል፣ ሌላው «ቆርቆሮ ነው»። ሦስተኛው በድምፅ መልእክት እያንሾካሾከ፦ «ወንድሜ፣ ለማንም እንዳታሳይ። ውጭ አገር ገዢ አለኝ። ለሚመረምረው ባለሙያ ብቻ ትንሽ ብር ላክ።» ደሜ ፈላ። «ከሽያጩ ላይ ይቁረጥ» ብዬ ጻፍኩለት። ብሎክ አደረገኝ። እሱ እኔን!

መሥሪያ ቤትም ሁሉም አዋቂ ሆኗል። አንዱ ንከሰው ይላል፣ አንዱ ኮካ ውስጥ ዘፍዝፈው ይላል። ለምን እንዳወራሁላቸው እኔም አላውቅም።

ምሕረት «ጣልከው?» ብላ ቴክስት ላከች። አልመለስኩላትም።

ሐሙስ

ፈቃድ ወስጄ መርካቶ አንጥረኛ ጋ ወረድኩ። መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው በየመንደሩ ሲያዞረን፣ ጣሳው ጉያዬ ውስጥ ሲንኳኳ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ። ለማኝ የመሰልኳቸው ይመስለኛል።

አንጥረኛው ሽማግሌ ናቸው። አንዷን ማርትሬዛ አንስተው ላይዋ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ደረት ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጥፍራቸው ቆጠሩ። «ዘጠኝ። ደህና ናት፤ ድሮ ሰው ይቺን ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር» አሉኝ። «1780 ናት አይደል አባባ?» ስላቸው ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ለካ መቼም ትሠራ መቼ የሚጻፍባት ዓመት ያው ነው። ሕዝቡ ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበልም ይል ነበር አሉ። የአስቴር ማቀዝቀዣ ሄደ።

ሌላም አለ። በአመድ መታጠቧ መልኳን በልቶታል፣ ቀለበት መበየዱ ደግሞ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋዋን ይጥላል። «በሚዛን እገዛሃለሁ፣ እንደ ብር» አሉ። ተናድጄ ልወጣ ስል የቸገረኝን ነገርኳቸው፦ እህቴ የውቃቢ ነው ትላለች። ሰባቱንም ገልብጠው አዩ። «እኔ ብር እንጂ ውቃቢ አላውቅም። ቀለበቶቹን የበየደው ግን አንድ እጅ ነው። ጀርባቸው የተላጨው ልብስ ላይ ሲፈተግ ነው። ይሄ የሴት የአንገት ጌጥ ነበር፣ ልጄ።»

እማ በሕይወቷ ጌጥ አድርጋ አታውቅም። ታዲያ የማን ነው? ሳልሸጥ ተመለስኩ።

ዓርብ

ሆሳዕና የሚኖሩት ጋሽ ሎምባሞ ጋ ደወልኩ። የአባቴ ሚዜ የነበሩ ናቸው፤ የዚያ ዘመን ሰው የቀሩት እሳቸው ብቻ። ጆሯቸው ደክሟል። «ማርትሬዛ!» እላለሁ፣ «ማን? ቴሬዛ?» ይላሉ። አራት ጊዜ ተቋረጠ። ካርዴም አለቀ፣ እንደገና ሞላሁ። ጎረቤት ሁሉ ማርትሬዛ እንዳለኝ ሰምቷል።

በመጨረሻ ገባቸው። «ሰባት ናት?» አሉኝ። እኔ ቁጥሩን አልነገርኳቸውም። «አባትህ ለእናትህ የሰጣት ናት። እኔው ነኝ ተሸክሜ የሄድኩት። ስትሞት ዓለሚቱ ወሰደቻት። በየዓመቱ በሞተችበት ቀን እያወጣች ታጥባት ነበር፣ እህቷን እያነሳች ታለቅስ ነበር፤ እሷው ነግራኛለች።» «ለምን አልነገረችንም?» አልኳቸው። «እናት እንደሌላችሁ እንዳይሰማችሁ ነዋ፣ አንተ ልጅ።»

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። የእናታችን ፎቶ እንኳን የለንም።

ቅዳሜ

ምሕረት አታነሳም። ስድስት ጊዜ። ጣሳውን አልጣለም ብላ ነው መቼም። በሰባተኛው አነሳችና «ጣልከው ወይ?» አለችኝ። ሰላም የለ፣ ምን የለ! ጮህኩባት። «የእናትሽ ነው! የሠርጓ ነው! እማ የምታወራው ከእህቷ ጋር ነበር!» ጋሽ ሎምባሞ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት።

ከዚያ ዘጋችው።

መጮህ አልነበረብኝም። አስቴር «ነገ ከመጣች ትመጣለች» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ቤቲ አኩርፋ ክፍሏ ገብታለች።

እሁድ

ሽማግሎቹ በስድስት ሰዓት ሊመጡ፣ ምሕረት በአራት ሰዓት በሩን አንኳኳች። ፊቷ አብጧል። ማንንም ሳትስም «አሳየኝ» አለችኝ።

ጣሳውን አመጣሁላት። ክዳኑን ከፈተች። ሰባቱን ብቻ ለይታ አወጣች። ከቦርሳዋ ጥቁር ክር አውጥታ በቀለበቶቹ ውስጥ አንድ በአንድ አሳለፈችና አንገቷ ላይ አሰረችው። አስቴር አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምሕረት መስታወቱ ፊት ቆመች።

«ወንድም ጋሼ» አለች፣ «እናታችን እንዲህ አንገተ ቀጭን ነበረች?»

እናታችን ስትሞት እሷ ስምንት ወሯ ነበር። እኔ ሦስት ዓመቴ። ፊቷን እንኳን አላስታውሰውም።

«አዎ» አልኳት። «ቁርጥ አንቺን።»