የጾም ደም

መጋቢት 3

ሽንብራ ስለቅም ስልክ ተደወለ። ከአዲስ አበባ። የእስከዳር ተራ ደርሷል፤ የልጄ ልብ በአሥር ቀን ውስጥ ይከፈታል። እልል አላልኩም። ለወንድሟ ለጌቱም ተራው ደርሶ ነበር... ከቀበርነው በአራተኛው ወር። ያኔ ደዋይዋን "ዘገያችሁ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

መጋቢት 10፣ አዲስ አበባ

ከደጀን ወዲህ ሁለቴ አስመለሳት።

ሆስፒታል እንደገባን አብዱልቃኒ የሚባል ልጅ መጣ። ልቧ ቆሞ ሲጠገን ደሟን የሚያዞረውን ማሽን የሚይዘው እሱ ነው። ማሽኑ ባዶውን አይነሳም አለ። ቱቦው አየር እንዳይዝ አስቀድሞ ፈሳሽ ይሞላል።

"ታሟሹታላችሁ በለኛ፣ እንደ አዲስ ድስት።"

"እናቴ፣ ይቺን ቃል አምስት ዓመት ስማር የነገረኝ የለም።" ጽፎ ያዛት።

በምን ትሞሉታላችሁ አልኩት። ጨው ያለው ውሃ አለ፣ ከከብት አጥንት የሚወጣም አለ... አፌ ቀደመኝ። "የጾም ነው?"

ሳቀ። እሱም ረመዳን ይዟል፣ ከንፈሩ ደርቋል። እስከዳር አልሳቀችም።

"የከብቱ ከሆነ አልገባም። ሁዳዴ ነው።"

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

መጋቢት 11

ጨዋማውን መረጡ። ተመስገን ስል አብዱልቃኒ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ደሟ ትንሽ ነው፣ ውሃ ብቻ ከገባበት ይቀጥናል። የሰው ደም ይጨመርበታል።

"ሰውየው ምን በልቶ እንደሰጠ በምን አውቃለሁ?" አለች የኔ ጻድቅ። አምና በሁዳዴ አይብ ስትሰርቅ የያዝኳት።

ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ ገብርኤል ደወልኩ። "ለበሽተኛ ምን ጾም አለ? ደግሞ በደም ሥር የገባ መች ተበላ?" አሉ። ስልኩን ሰጠኋት። "እሺ አባ" ብላ ዘጋች። የኦፕራሲዮኑን የፈቃድ ወረቀት ግን አልፈረመችም። አሥራ ስምንት ሞልቷታል፣ ያለ ፊርማዋ አይነኳትም።

መጋቢት 12

ደም ሰጠሁ። ለሷ አይሆንም፣ ለሌላ ሰው ነው አሉኝ። ክንዴ ላይ የለጠፉትን አሳየኋት።

"የሚገባልሽ የኔ ነው። ሽሮ ብቻ የበላ ደም።"

ቆይታ... ማታ ላይ ፈረመች።

ዋሸሁ። ያውም በጾም። አባ ይፍቱኝ።

መጋቢት 13

ከገባች አምስት ሰዓት ሞላት። ጌቱዬ፣ እንዳትጠራት።

መጋቢት 24

ዛሬ ሰው ሳይደግፋት ኮሪደሩን ዞረች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማ፣ ደምሽ ምን ዓይነት ነው?"

"ምን አውቄ።"

"ቢ ነሽ። ደም ስትሰጪ የሰጡሽን ካርድ ነጠላሽ ጫፍ ላይ ቋጥረሽው ነበር፣ ፈትቼ አየሁት። እኔ ኤ ነኝ። ያንቺ ቢገባብኝ ኖሮ ሞቼ ነበር።"

"መቼ አየሽው?"

"ከመፈረሜ በፊት።"

ታዲያ ለምን ፈረምሽ አልኳት።

"ፈርቼ ነበር እምቢ ያልኩት። በኋላ እሺ የምልበት ምክንያት ጠፋኝ... አንቺ አመጣሽልኝ።"

ትንሽ ቆይታ ጥብስ አማረኝ አለች። ደሙን የሰጣት ሰው ልኳንዳ ቤት የሚውል ሳይሆን አይቀርም አለች።

አባን ሳልጠይቅ ሄጄ ገዛሁላት። ስመለስ ደረጃው ላይ ብቻዬን ስስቅ ዘበኛው አየኝ።